ለእናታችሁ ቴሌቪዥን ከመግዛታችሁ በፊት

ለወላጅ የሚሰጥ ስጦታ ዘመን አለው። አንድ ሰሞን ጋቢ ነበር፤ ቀጥሎ ሬዲዮ ሆነ፤ ከዚያ ሞባይል መጣ። አሁን በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባሉ ደጋ ወረዳዎች፣ ልጆች ለገና ወይም ለቡሄ ወደ ቤተሰብ ሲመጡ ከመኪና ላይ የሚወርደው ትልቅ ካርቶን ቴሌቪዥን ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልጆቿ የራቋት እናት ማታ ማታ የሰው ድምፅ ትስማ ከሚል ፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ዕቃው ሲገዛ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ «ስንት ኢንች ነው?» የሚለው ብቻ ነው። ቤቱ መብራት አለው ወይ? ምስሉ የሚመጣው በምን በኩል ነው? ልጆቹ ሲመለሱ ማን ይከፍተዋል? እነዚህ ጥያቄዎች የሚነሱት ካርቶኑ ከተቀደደ በኋላ ነው።

እኔ የቴሌቪዥን ባለሙያ አይደለሁም። በደቡብ ጎንደር ጤና ጣቢያዎች በነርስነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ሰፈሬ ውስጥ ዛሬም «ሲስተር» ነው የምባለው። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ዲሽ ሊያስተካክል ጣሪያ ላይ ወጥቶ የወደቀ ሰው በሥራ ዘመኔ ተቀብዬ አክሜአለሁ። ሁለተኛው በገዛ ቤተሰቤ የሆነ ነው።

አክስቴ 78 ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት በፋርጣ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ነው። አብራቸው ያለችው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ናት። ጣሪያቸው ላይ የሶላር ሰሌዳ፣ ቤት ውስጥ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። በዚያ ሦስት አምፖል ይበራል፤ ሁለት ስልክ ይሞላል። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ለገና ሲመጣ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥንና ኢንቨርተር ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ምሽት ሠርግ ይመስል ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ሞላው። በሁለተኛው ምሽት ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። አምፖሎቹም አብረው ጠፉ። ስልኩም ሳይሞላ አደረ።

አክስቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ሲያማቸው እኛን የሚያገኙን በዚያች ስልክ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስልካቸው ሲዘጋብኝ ሰው ላክሁ። ደኅና ናቸው፤ ግን ቤቱ ጨለማ ነው። ቴሌቪዥኑ ጥልፍ ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለልጃቸው ምን እንዳሉት ስጠይቃቸው፣ «በደንብ ይሠራል አልሁት። የልጄን ስጦታ እንዴት አድርጌ አስቸገረኝ እላለሁ?» አሉኝ።

የብዙ ወላጆች መልስ ይህ ነው። ስጦታው ቢከብዳቸውም አይናገሩም። ስለዚህ ቀድሞ ማሰብ ያለበት ሰጪው ነው።

ልጃቸው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ተሰበሰብን። «እትዬ፣ ችግሩ ባትሪው ነው። ትልቅ ባትሪ ልግዛና እንገላገል» አለኝ። «ሌላ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት እናትህን ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠይቅ» አልሁት። እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው አልነበረም። አክስቴ ብዙም አላሰቡ፤ «ዜና ልስማ። እሑድ ቅዳሴ ልይ። ማታ ከልጅቱ ጋር አንድ ድራማ ብናይ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በላይ ግን፣ እናንተ ስትሄዱ እኔው ራሴ የምከፍተው ይሁን» አሉ። ምርጫችንን የወሰነልን ይህ መልስ ነው።

እንደ መኪና ቤት

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ጡረታ የወጡ ብዙ ሰዎች አልጋና ማድቤት ያለውን መኪና እየነዱ አገር ለአገር ይዞራሉ። እነሱም ቴሌቪዥን ማየት ሲፈልጉ የሚገጥማቸው ያው የአክስቴ ችግር ነው። ያላቸው ኃይል ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ የሚቆሙበት ቦታ ዛፍና ኮረብታ ይጋርደዋል፤ ዕቃውን የሚያስተካክል ሠራተኛ አጠገባቸው የለም። ለእነዚህ ሰዎችና መብራት ላልደረሰበት ገጠር ተብለው የሚሠሩ፣ ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ አነስተኛ ቴሌቪዥኖች አሉ። በየሁለት ዓመቱ ቦታ ለሚቀይሩ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም የሚስማማው ይኸው ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ኃይሉን አስሉ

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ስንት ዋት እንደሚፈጅና የሚሠራው በ220 ቮልት ይሁን በ12 ቮልት ተጽፏል። ስሌቱ የሱቅ ሒሳብ ነው። ዋቱን በሰዓት ማባዛት ብቻ ነው።

የአክስቴ ባትሪ ባለ 12 ቮልት፣ 50 አምፒር ሰዓት ነው። 12 በ50 ሲባዛ 600 ዋት ሰዓት ይሆናል። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ለአንድ ምሽት በእጃችን ያለው 300 ያህል ነው።

ባለ 43 ኢንቹ ቴሌቪዥን 70 ዋት ገደማ ይፈጃል። ኢንቨርተሩ 12 ቮልቱን ወደ 220 ሲቀይር ለራሱም ይበላል፤ ሪሲቨሩም 10 ዋት ያህል ይጨምራል። በድምሩ 90 ብንል፣ በሦስት ሰዓት 270 ሆነ። ለአምፖልና ለስልክ ምን ቀረ? ምንም ማለት ይቻላል። በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 24 ኢንች ቴሌቪዥን ግን 25 ዋት ገደማ ነው። ከሪሲቨሩ ጋር 35፤ በሦስት ሰዓት 105። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል አራት ሰዓት ቢበራ 60፣ ሁለቱ ስልኮች 30 ቢወስዱ፣ ሁሉም ተደምሮ 195 ነው። ቤቱ አይጨልምም።

ክረምትን አትርሱ። ሐምሌና ነሐሴ ጉና በጉም ሲሸፈን ሶላሩ ከበጋው በጣም ያነሰ ነው የሚያስገባው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ደንብ ማውጣት አለበት፤ ቅድሚያ ለስልክ፣ ቀጥሎ ለአምፖል፣ የተረፈው ለቴሌቪዥን።

ከተማ ውስጥ የመስመር መብራት ያላችሁ ይህ ስሌት አያስጨንቃችሁም። የእናንተ ጠላት የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጋር ስታብላይዘር አብራችሁ ግዙ።

ምስሉ በምን በኩል ይምጣ?

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመታት ምስሉ የሚመጣው ከምድር ማሰራጫ ማማ ነበር። የእኛ ዘመን ሰዎች አንቴናውን ሲያዞሩ መስኮት ላይ ቆሞ «መጣ! ሄደ!» የሚለውን ልጅ አይረሱትም። በ2006 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ በተደረገ ስምምነት አፍሪካን ጨምሮ ብዙ አገሮች ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሥርጭት እንዲሸጋገሩ ታቅዶ፣ ለአብዛኛው ሥርጭት የመጨረሻው ጊዜ ሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ተብሎ ነበር። የሁለቱ ልዩነት ለተመልካች ቀላል ነው። አናሎግ ሲደክም ምስሉ ነጠብጣብ ይሞላዋል፤ ግን ይታያል። ዲጂታል ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ይቆራረጥና ይጠፋል።

ዛሬ ያሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው።

የምድር አንቴና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ማማውንና ቤቱን ተራራ ከለያቸው አይሠራም። ሸለቆና ገደል በበዛበት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለብዙ ቤት አያስተማምንም።

ሁለተኛው ነጻ ዲሽ ነው። ሳህኑን፣ ሪሲቨሩንና ገመዱን አንዴ ገዝቶ የወር ክፍያ የለበትም። ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ስለሆነ ተራራ ብዙ አያግደውም። ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከናይልሳት ወጥተው ኢትዮሳት ወደሚባለው፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ተሰባስበዋል። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ዲሹን እንደገና ያዞረው ለዚህ ነበር።

ሦስተኛው እንደ ዲኤስቲቪ ያለ በክፍያ የሚታይ ነው። ኳስ ለሚከታተል ቤት ይጠቅማል። ግን የወሩን ሒሳብ ማን ይከፍላል? አዲስ አበባ ያለው ልጅ ከረሳ፣ እናት «ክፈልልኝ» ብላ አትደውልም፤ ጨለማውን ሰሌዳ እያየች ትቀመጣለች።

አራተኛው የስልክ ኢንተርኔት ነው። ሳህንም ገመድም አይፈልግም። ነገር ግን በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ይፈጃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበርም እናስታውሳለን። ለተጨማሪ እንጂ ለዋናነት አይሆንም።

አንድ ቀላል መንገድ ደግሞ አለ፤ ፍላሽ። የልጅ ልጆችን ልደት፣ የቤተሰብ ሠርግ፣ መዝሙርና የቆየ ድራማ በፍላሽ ሞልቶ መላክ ይቻላል። ሥርጭት ቢጠፋም እሱ አለ።

እናት ቤት የቆየ ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ካለ፣ ዲጂታል ለማየት የግድ መጣል የለበትም። ሪሲቨሩ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ መሰኪያ ካለው በዚያ ይገናኛል። ኃይል የሚበላ በመሆኑ ግን ለመስመር መብራት እንጂ ለሶላር አይመከርም።

ዲሹ መሬት ላይ ይተከል

በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህንን አስታውሱ፤ የአዛውንት ቤት ዲሽ ጣሪያ ላይ መውጣት የለበትም።

ምክንያቱ እነሆ። ከደብረ ታቦር ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ በኩል፣ ከአድማሱ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። ዛፍም የጎረቤት ቤትም ሊጋርደው ስለሚችል ሰው ጣሪያ ይመርጥ ነበር። የ57 ዲግሪው ሳተላይት ግን በደቡብ ምሥራቅ፣ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ወደ አናት ተጠግቶ ይገኛል። የት እንደሆነ በዐይን ለመገመት የመስቀል ሰሞንን ጠብቁ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፀሐይ ያለችበት የሰማይ ክፍል ነው። እንዲያውም በዚያ ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ፀሐይ ከሳተላይቱ በስተጀርባ ስታልፍ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ሊቋረጥ ይችላል። ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ አትነካኩ።

ያን ያህል ከፍ ያለ ሳተላይት በግቢ ውስጥ ከተተከለ አጭር የብረት ምሰሶ ላይ ሆኖም ይታያል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ በቅርብ ባሕር ዛፍ አለመኖሩን ማየት ነው። ከብት እንዳይታከከው ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ይበቃል። ነፋስም ጣሪያ ላይ ካለው ያነሰ ያገኘዋል። ሲጠገንም አቧራውና ቅጠሉ ሲጠረግም መሬት ላይ ቆሞ ነው።

የክረምት ዝናብ ሲበረታ ምስል መቋረጡ የተለመደ ነው። ከሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል፤ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል። ዝናብ ላይ ዲሽ ለማስተካከል የሚወጣ ሰው ግን ሁልጊዜ አይመለስም። ነጎድጓድ ሲሰማ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ፣ የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ መንቀል ልማድ ይሁን። መንቀል ያለበት መብረቁ ከመቅረቡ በፊት ነው። አንዴ አናታችሁ ላይ ከደረሰ ገመዱን አትንኩ።

ሰው ከከፍታ ቢወድቅ ጎትታችሁ አታንሡት። ጭንቅላቱና አንገቱ እንዳይነቃነቅ ይዛችሁ እርዳታ ጥሩ። የባትሪ አሲድ ቆዳ ወይም ዐይን ቢነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ከምድጃና ከኩራዝ ራቅ ብሎ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሰሌዳ ፊት

ቴሌቪዥን የቤት ሰው አይተካም፤ ግን ሰው ያሰባስባል። ልኩን ማወቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ባይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመክራል። ሕፃን እንዲተኛ ወይም እንዲበላ ብሎ መክፈት ልማድ ሲሆን መልሶ ለማስተው ይከብዳል።

አዛውንቶችም ሰዓታት ሙሉ ሲቀመጡ እግራቸው ያብጣል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሱ። ድምፁን በየጊዜው ከፍ የሚያደርጉ ከሆነ ጆሮ እየደከመ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ እየበራ የሚያድር ቴሌቪዥን ደግሞ እንቅልፍ ይሰርቃል፤ ባትሪም ይጨርሳል።

የእኛ ውሳኔ

ባለ 43 ኢንቹን ልጁ መስመር መብራት ላለው ደብረ ታቦር ለሚኖር ወንድሙ ሰጠው። ለእናቱ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ የሳተላይት ሪሲቨር ውስጡ ያለበት ባለ 24 ኢንች ገዛ። ሪሲቨሩ ውስጡ በመሆኑ ሪሞቱ አንድ ነው። ብዙ እናቶችን ከቴሌቪዥን የሚያርቃቸው ሁለት ሪሞት መሆኑን አስተውያለሁ፤ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይዘጋል፣ ከዚያ ፈርተው ይተዉታል።

ዲሹ ግቢ ውስጥ ተተከለ። ቴክኒሻኑ የተጫኑትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች እንዲደልትና የሚፈልጓቸውን ስድስቱን ብቻ ከ1 እስከ 6 እንዲያሰልፍ ነገርነው። ሪሞቱ ላይ መክፈቻውን በቀይ የጥፍር ቀለም፣ የድምፁን በነጭ ምልክት አደረግን። ከዚያ አክስቴ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ከፍተው፣ ሦስት ጊዜ ዘግተው እስኪያሳዩን ድረስ ከቤት አልወጣንም። አራተኛውን ለልጅቱ አስተማሩ።

ልጁ «እማዬ፣ ግን ትንሽ ነው እኮ» አላቸው ቅር ብሎት። «አጠገቡ እቀመጣለሁ» አሉት።

እናንተም ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አምስት ጥያቄ በወረቀት ጻፉ። ወላጆቼ ምን ማየት ይፈልጋሉ? ቤቱ ውስጥ ለአንድ ምሽት ስንት ዋት ሰዓት አለ? ተራራና ዛፍ በየት በኩል ነው? የወር ክፍያ ካለ ማን ይከፍላል? እኔ ስሄድ ማን ይከፍተዋል? መልሱን ይዛችሁ ሻጩ ፊት ስትቆሙ፣ ስለ ኢንች የምትከራከሩት በመጨረሻ ነው። ዕቃው ከተገጠመ በኋላም በሳምንቱ ደውሉ። «ይሠራል ወይ?» አትበሉ፤ ሁልጊዜ «ይሠራል» ነው የሚሏችሁ። «ትናንት ማታ ምን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቸር ሰንብቱ።